ምስጥ የማይደፍራት ኪዳነ ምህረት

ባለፈው ዓመት ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ከመናኸሪያው ጀርባ ባጃጅ እየጠበቅኩ ሳለ፣ አጠገቤ የቀርከሃ ወንበር የሚሠራ ሰው አንድ እርጥብ ቀርከሃ አጋድሞ በገጀራ ሰነጠቀው። ቀርከሃው ጧ ብሎ ለሁለት ሲከፈት ከውስጡ አንድ ሽታ ወጣ። ምን ይሸታል ብትሉኝ፣ ጥሬ ዱባ ሲቀረደድ የሚሸተው ዓይነት ነው፣ ዝናብ የመታው አፈር ተጨምሮበት። ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ "እህት፣ አትገቢም እንዴ?" አለኝ። "ትንሽ ቆይ" አልኩት። እሱ የማንን ቆይ ይሰማል፤ ሌላ ሰው ጭኖ ሄደ። እኔም ሁለተኛው ቀርከሃ እስኪሰነጠቅ ቆሜ ጠበቅኩ።

ያንን ሽታ የማውቀው ከአንድ ክረምት ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ አራተኛ ክፍል ጨርሼ አምስተኛ ልገባ ስል። የምንኖረው እዚያው አርባ ምንጭ፣ ቆላው ላይ ነበር፤ ያን ዓመት ወባ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ ተነስቻለሁ። ስሜ ሰናይት ነው፣ ቤት ውስጥ ሰኒ ይሉኛል፤ የክፍሌ ልጆች ደግሞ "ስኒ" ይሉኝ ነበር፣ ከሁሉም አጭሯ እኔ ስለነበርኩ። ሰልፍ ላይ ከፊት፣ ፎቶ ሲነሳ ከፊት። ሰሌዳ አጥፊ ሲሉኝ የታችኛውን ግማሽ አጠፋለሁ፤ ለላይኛው ግማሽ ሌላ ልጅ ይጠራል። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የባሰ ውርደት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ "ደጋ ወጥታ አየር ትለውጥ" አለ። እናቴ "ብርዱ ልጄን ይጨርስብኛል" ብላ ሁለት ሹራብ ደራርባ አለበሰችኝና በአይሱዙ ወደ ጨንቻ ተላክሁ። መኪናው ዳገቱን ሲያቃስት ወደ ኋላ ዞሬ ሁለቱን ሐይቆች አየሁ፣ ዓባያ እንደ ቀይ ሻይ፣ ጫሞ ሰማያዊ። አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሁለት ሐይቆች ለምን አንዱ ይደፈርሳል ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ጠየቅኳቸው። "ዝም ብለሽ ያዢ፣ ትወድቂያለሽ" አሉኝ። ያን ጊዜ ለብዙ ጥያቄዎቼ የማገኘው መልስ ይህን የመሰለ ነበር።

ያረፍኩት የአባቴ አጎት ከሆኑት ከአያ አንጁሎ ዘንድ ነው። አያ አንጁሎ ቤት ሠሪ ነበሩ። ቤት ሠሪ ስል ድንጋይ የሚጠርቡ ወይም ሚስማር የሚመቱ እንዳይመስላችሁ። እዚያ ደጋ ላይ ቤት የሚታታው ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፣ አንድ ትልቅ እንቅብ አስባችሁ በአፉ ድፉት። ከፊት ለፊቱ በሩን የሚሸፍን እንደ አፍንጫ የወጣ ነገር አለው፣ ከአፍንጫው በላይ ሁለት የጢስ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ሰዎቹ የዝሆን ፊት ነው ይላሉ፤ እውነትም ነው።

አያ አንጁሎ አማርኛ የተማሩት በጎልማሳነታቸው ስለነበር ወንድና ሴት አይለዩም። እኔን "አንተ" ይሉኛል፣ ሚስታቸውን እማማ ዘነበችን "እሱ"። መጀመሪያ ቀን በሳቅ ፈረስኩ። በሦስተኛው ቀን ለመድኩት፣ በሳምንቱ ደግሞ "አንተ" ሲሉኝ የበለጠ የወደዱኝ ይመስለኝ ጀመር። የእኔ ጋሞኛ ውሃና ቆጮ ከመጠየቅ አያልፍም ነበር፣ ስለዚህ በእሳቸው አማርኛ ተግባባን።

ሥራ ሰጡኝ። ስንጥቁን ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፣ ሲርስ አቀብላለሁ። የደረቀ ይሰበራል፣ የራሰ ይታዘዛል። ጣቶቼ በስንጥር ተወጋግተው እማማ ዘነበች በመርፌ ሲያወጡልኝ "አንቺን ለዕረፍት ነው ለቅጣት የላኩሽ?" ይሉ ነበር። እኔ ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ስንሠራ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ አያ አንጁሎ እጃቸው ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ለሁሉም መልስ ነበራቸው።

በዚያ መንደር ዙሪያ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፣ አያ አንጁሎም የሦስቱንም አጥር በየክረምቱ በነጻ ይጠግኑ ነበር። ታችኛው ጊዮርጊስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመጣ ቅዳሴው አይሰማም፣ ቄሱ አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው የሚታየው። ላይኛው ገብርኤል ጥዶች መካከል በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጉሬዛዎች ከጥዱ ላይ ቁልቁል ያዩናል፣ እኔም ነጭ ለብሰው የመጡ ምዕመናን አስመስዬ አያቸው ነበር። በሁለቱ መሀል፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ትንሿ ኪዳነ ምህረት አለች። እሷ የተሠራችው ሰዎቹ የራሳቸውን ቤት በሚሠሩበት መንገድ፣ ከቀርከሃ ተታታ ነው። የታታት ደግሞ የአያ አንጁሎ አባት ናቸው። መጀመሪያ ሳያት ለጸሎት የተንበረከከች ዝሆን መሰለችኝ።

በሯ ዝቅ ያለ ነበር። ትልልቅ ሰዎች ወገባቸውን ለሁለት አጥፈው ነው የሚገቡት። እኔ ብቻ ቀጥ ብዬ እገባለሁ፣ ይህም በሕይወቴ አጭር መሆኔ የጠቀመኝ የመጀመሪያው ቦታ ነበር። "በሩ ለምን ዝቅ አለ?" ብዬ እማማ ዘነበችን ጠየቅኳቸው። "ሰው ሰግዶ እንዲገባ ነዋ" አሉኝ። ቄሱም እንደዚያው ይሰብኩ ነበር፤ የጥንት አባቶች ትዕቢተኛ ሰው ቀጥ ብሎ እንዳይገባ ብለው በሩን ዝቅ አድርገው ሠሩት ይሉ ነበር። ሲናገሩት ደስ ስለሚል ለማመን አልቸገረኝም።

አያ አንጁሎ ግን አላመኑትም። አንድ ቀን አጥሩን እየጠገንን "አባቴ በሩን ሲሠራ ቄስ ጥላ ዘርግቶ ቆሞ ይገባ ነበር። እኔ ልጅ ሆኖ አየሁ" አሉኝ።

"ታዲያ አሁን ለምን አጠረ?"

"ምስጥ በላው።"

ስለ ምስጥ ከዚያ በፊት አስተምረውኛል። የጎረቤት አሮጊት ቤት ወስደው አሳይተውኛል። ምስጥ የቀርከሃውን ግርጌ ከሥር ከሥር ይበላል፣ ቤቱ ደግሞ አይወድቅም፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ በየዓመቱ ያጥራል። የአሮጊቷ ቤት ስትሠራ የሁለት ሰው ቁመት ነበራት፣ አሁን ጣሪያዋ ላይ ዶሮ በአንድ ዝላይ ይወጣል። ግርጌው ሲበሰብስ ሰዎቹ ይቆርጡታል። ቦታው ምስጥ ከበዛበት ደግሞ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ መሬት ይወስደዋል። ቤት ተሸክሞ መሄድ! ይህን ስሰማ አንድ ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ኪዳነ ምህረትን ግን ምስጥ አይደፍራትም ይባል ነበር። ሁሉም ይህን ያውቃል። የሰው ቤት ይበላል፣ የእሷን አይነካም። በሩ ዝቅ ያለው ለስግደት ነው፣ ግርጌዋ ደህና ነው፣ አለቀ። አያ አንጁሎ ሦስት ዓመት ሙሉ "እየወረደ ነው፣ እንሸከመው፣ ወደ ላይኛው ደረቅ መሬት እንውሰደው" ቢሉም የሚሰማቸው አላገኙም። በየቀኑ የሚያዩት ነገር መውረዱ ለዓይን አይታይም፣ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ጎርፍ አፈር ያመጣል፣ ይወስዳል፣ የቱ መሬት የቱ ግድግዳ እንደሆነ አይለይም። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ መርጊያ የሚባሉ፣ ጨንቻ ገበያ ጨውና ላምባ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። መጥፎ ሰው አልነበሩም። እሳቸው የሚያስቡት ቆርቆሮ ነበር። "ትንሽ እንታገስ፣ እግዜር ሲፈቅድ እንደ ጊዮርጊስ በብሎኬትና በቆርቆሮ እንሠራታለን፣ ያኔ አሮጌውን እናፈርሳለን" ይላሉ።

አንድ ጊዜ አያ አንጁሎን የሚያስፈራቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ከሥራው ላይ አነሱ፣ ይህን ደግሞ ከስንት አንዴ ነው የሚያደርጉት። "ቤቱ ከቆርቆሮው በፊት ይወድቃል። ታቦቱ እንግዳ ሆኖ ገብርኤል ይገባል። እንግዳ ሆኖ የገባ፣ ቤት ከሌለው፣ በዚያው ይቀራል። አባቴ የሠራው ቦታ ጎመን ይበቅልበታል" አሉ። ከዚያ መልሰው ሥራቸውን ያዙ። እኔ ለኪዳነ ምህረት በጣም አዘንኩ፣ ግን እውነቱን ለመናገር የራሴ ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኝ ነበር።

የራሴ ጉዳይ ቁመቴ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምህረት ቀን ስለነበር እማማ ዘነበች ይዘውኝ ሄዱ። "የልብሽን ንገሪያት፣ እሷ የልጅ ልመና ትሰማለች" አሉኝ። የልቤማ ግልጽ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሰው ጸበል ሲሻማ ወደ በሩ ተመለስኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ከበሩ ጎን ካለው ግድግዳ ጀርባዬን አስጠጋሁ፣ በኪሴ ይዤ በመጣሁት ሚስማር ከራሴ ትክክል ቀርከሃው ላይ ጫርኩ። "ከዚህች በላይ አድርጊኝ" አልኳት። ከዚያ የሠራሁትን ሳየው ደነገጥኩ። ቤተ ክርስቲያን ላይ መጻፍ ምን ያህል ኃጢአት እንደሆነ ስለማላውቅ ከባዱን ገመትኩ። ለማንም ሳልናገር በየቀኑ በልቤ አርባ አርባ ጊዜ "ይቅር በይኝ" ማለት ጀመርኩ፣ ምልክቱን ግን አላጠፋሁትም።

በዚያው ሰሞን እማማ ዘነበች ለመስቀል ቀሚስ ሊያሰፉልኝ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በፈትል ለኩኝ። ፈትሉን በሁለት በኩል ቋጥረው ከግድግዳው ቀርከሃ መሀል ሰኩት። "ጨርቁ ትንሽ ስለሆነ ልክ በልክ ነው፣ ለእድገት የሚተው የለም" አሉኝ። "አላድግም እንዴ?" ብዬ ስቆጣ ሳቁብኝ።

ፍልሰታ ገባ። ከእኩዮቼ ጋር እስከ ቅዳሴ መውጫ ጾምኩ፣ ቆረብኩ። ሆዴ ሲጮህ፣ ይህ የምከፍለው ነው፣ ቁመት ዝም ብሎ አይሰጥም እል ነበር። ጾሙ ሲፈታ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ድቁስ፣ ቆጮ በላሁ፣ ወተት ጠጣሁ፣ ጉንጬ ሞላ። ነሐሴ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ማለዳ ወደ በሩ ሄድኩ፣ ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ፣ መዳፌን ራሴ ላይ አድርጌ ዞርኩ።

ምልክቱ ከመዳፌ በታች ነበር። ሁለት ጣት ሙሉ።

ደግሜ ቆምኩ። ሁለት ጣት። በአንድ ክረምት! የሰሌዳው ላይኛው ግማሽ ታየኝ። ጫማዬን እዚያው ትቼ፣ ጭቃውን በባዶ እግሬ እየዘለልኩ ወደ አያ አንጁሎ ሮጥኩ። ምስጢሩን ለመደበቅ የነበረኝ ፍርሃት ሁሉ ጠፍቶ ነበር። "አያ! አደግሁ! ኪዳነ ምህረት አሳደገችኝ! ምልክት አድርጌ ነበር፣ ይቅር በሉኝ፣ ግን አደግሁ!"

አያ አንጁሎ ገጀራቸውን አስቀመጡ። "የት ነው ምልክቱ?" አሉኝ። ይዣቸው ሄጄ አሳየኋቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፣ ፊታቸው ግን ሌላ ሆነ።

"ስትለካ ጫማ ነበረ?"

"አልነበረም። አውልቄ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንም የለም።"

ቆሜበት የነበረውን መሬት ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳበሱት። ጎርፍ ያመጣው አዲስ አፈር እንዳለ ይፈልጉ ነበር፣ ያን ጊዜ ግን አልገባኝም። መሬቱ ከክዳኑ ሥር ስለሆነ የተረገጠ፣ ደረቅ ነበር። ከዚያ እጃቸውን በግድግዳው ግርጌ እስከ ክርናቸው ድረስ ሰደዱና አንድ እፍኝ ነገር አወጡ። እንደ በሶ የላመ ዱቄት ነበር። በጣቶቻቸው መሀል አፈሰሱት። በምልክቴ ምክንያት የተቆጡ መስሎኝ እንባዬ መጣ። "አንተ ጥሩ ልጅ ነው" ብቻ አሉኝ፣ ይዘውኝም ወደ ቤት ተመለሱ። ቤት እንደገባን ከግድግዳው ፈትሉን አወጡ፣ "ለቀሚሱ" ብለው ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አስይዘው ለኩኝ። ከእማማ ዘነበች ጋር ተያዩ። ፈትሉን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ተቀመጡ። እዚያ አገር ነገር የሚያልቀው እንደዚያ ነው፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ የሚናገርን ማንም አያቋርጥም። አቶ መርጊያ ስለ ቆርቆሮው ተናገሩ። ቄሱም "አባቶቻችን ምስጥ አይደፍራትም ብለው ያስረከቡንን አንጠራጠር" አሉ። አያ አንጁሎ ተራቸው ሲደርስ ንግግር አላደረጉም። ተነሱና "ሰኒ፣ ና" ብለው ጠሩኝ።

ሽማግሌዎቹን በሙሉ አስከትለው ወደ በሩ ወሰዱኝ። "ጫማ አውልቅ። ቁም። ዝም ብለህ ቁም" አሉኝ። ጀርባዬን አስጠግቼ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ከራሴና ከምልክቱ መሀል ጣታቸውን እየጨመሩ ለኩ። "ሁለት" ይላል አንዱ። "ሁለት" ይላል ሌላው። እኔ ደረቴን ነፍቼ አገጬን ቀና አድርጌያለሁ። የመንደሩ ሽማግሌ በሙሉ እድገቴን ሊያይ ተሰልፏል፣ የክፍሌ ልጆች ይህን ባዩ ብዬ ተመኘሁ።

አቶ መርጊያ ሳቅ አሉ። "አያ አንጁሎ፣ ልጅ አይደለች እንዴ? ልጅ በክረምት ያድጋል። ይሄ ምን ያሳያል?"

ልክ ናቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አያ አንጁሎ መጀመሪያ አቶ መርጊያን፣ ከዚያ እኔን አዩ። አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ከዚያ አማርኛውን ትተው በጋሞኛ መናገር ጀመሩ።

አንድም ቃል አልገባኝም። ፈትሉን ከኪሳቸው ሲያወጡ አየሁ። ሁለቱን ቋጠሮዎች ለቄሱ፣ ከዚያ ለአቶ መርጊያ አሳዩ። ወደ ግድግዳው ግርጌ ጎንበስ ብለው ያንን ዱቄት ዘግነው በመዳፋቸው አቀረቡ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው ተጠጉ። ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ የታመመ ልጅ ጤና ሲያገኝ እንደሚታየው። አንዱ ሽማግሌ ራሴን ዳበሱኝ። አቶ መርጊያ እንኳ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ለእድገቴ የተሰጠ ክብር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ቄሱ ዱቄቱን ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ በአማርኛ "ምስጥ አይደፍራትም ስንል ኖረን" አሉ።

"አባ፣ ምስጥ ምን ያውቃል?" አሉ አያ አንጁሎ። "ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ማን ነገረው?"

ቄሱ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሳቅ በኋላ የሚከራከር አልነበረም፤ መስቀል ሳይገባ ሊሸከሟት ተስማሙ። ማታ ሽማግሌዎቹ ምን አሉ ብዬ እማማ ዘነበችን ጠየቅኳቸው። ዳጣውን እየፈጩ፣ ቀና ሳይሉ "ጎበዝ ልጅ ናት አሉ" ብለው መለሱልኝ።

የሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ከታች ከአርባ ምንጭ እስኪመጣ ዘመን ተለወጠ። መስከረም ውስጥ ዝናቡ ጋብ ባለ በአንድ ሰኞ ማለዳ፣ ቄሱ ታቦቷን ይዘው በጥላ ታጅበው ወደ ላይኛው ገብርኤል ወጡ። እማማ ዘነበች እያለቀሱ ሸኟት። አያ አንጁሎ ግን ጥላዎቹ ጥዶቹ መካከል እስኪጠፉ ድረስ ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ያን ቀን ቤቱ ከተሰበረ ታቦቷ የምትመለስበት የላትም። ይህን እኔም አውቅ ነበር።

ወንዶቹ ዙሪያውን ቆፈሩ። የበሰበሰውን ግርጌ፣ አንድ ስንዝር የሚሆነውን፣ በገጀራ ቆርጠው አነሱ። ረጃጅም እንጨቶች በግድግዳው ውስጥ አሳልፈው አሰሩ። ግማሾቹ ውስጥ ገቡ፣ ግማሾቹ በውጭ ተሰለፉ። አያ አንጁሎ ከፊት ለፊት ቆመው ዱላቸውን አነሱ። "ሆ!" አሉ፣ ሁሉም "ሆ!" አለ። ኪዳነ ምህረትም ከመሬት ተነሳች።

ከሥሯ እግር ታየ። ከጉልበት በታች ብቻ፣ ጭቃ የነካው፣ ጸጉራም፣ ቀጭን፣ ወፍራም፣ አንዱ የተቀደደ ቦቲ ያደረገ። መቁጠር ጀምሬ ሠላሳ ላይ ጠፋብኝ። የተንበረከከችው ዝሆን ተነስታ ዳገት ትወጣ ነበር! ሴቶቹ እልል አሉ፣ አያ አንጁሎ ወደ ኋላ እየተራመዱ ሰው ዓይን ለዓይን እንደሚያናግር ያናግሯታል። መሀል መንገድ ላይ በምሥራቅ በኩል ያለው ግድግዳ ቀጭ አለ። አፍንጫዋ ወደ ጎን ዘመመ። "ቁም!" ብለው አያ አንጁሎ ጮኹ። እልልታው ቀጥ አለ። ያኔ ከዳር ቆመው የነበሩት አቶ መርጊያ ኮታቸውን አውልቀው መሬት ላይ ጣሉ፣ ሮጠው የዘመመው ጎን ሥር ትከሻቸውን ሰጡ። አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ተቃና። "ሆ!" ሲሉ ድጋሚ ተንቀሳቀሰች፣ አመድና ጠጠር በተነጠፈበት ደረቅ መሬት ላይም ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ታቦቷ ተመለሰች። አያ አንጁሎ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ።

መስቀል ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ሸተተ። እማማ ዘነበች ቀሚሴን አለበሱኝ። ነጭ፣ በጫፉ ቀይና ቢጫ ጥለት ያለው። ዞር ዞር አልኩና ቁልቁል አየሁ። ጥለቱ ቁርጭምጭሚቴን ልክ ነክቶ ቆሟል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ያቺ የማታርፍ ጭንቅላቴ መሥራት ጀመረች። ልኬቱ የሐምሌ ነው። ለእድገት የተተወ የለም። እኔ ሁለት ጣት አድጌያለሁ። ታዲያ ቀሚሱ ለምን አላጠረም?

አያ አንጁሎ ከኪዳነ ምህረት በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ጥለቱን በጣቴ አሳየኋቸው። "አያ፣ አላደግሁም አይደል?"

ወደ ጥለቱ አዩ፣ ወደ እግሬ አዩ። ሊዋሹኝ እንደሚችሉ ተሰማኝ፤ እንዲዋሹኝም ፈልጌ ነበር።

"አላደገም" አሉኝ። "ቤተ ክርስቲያኑ ነው የወረደው።"

አለቀስኩ። ፍልሰታውን፣ ጾሙን፣ አገጬን ቀና አድርጌ ሽማግሌ ፊት መቆሜን አስታወስኩና ከሐፍረት ብዛት መሬት ብትውጠኝ ብዬ አለቀስኩ። "ሁሉም ያውቁ ነበር?" አልኳቸው። "በጋሞኛ ነው የነገርኩ" አሉኝ፣ ይህ ይቅርታ እንደሚሆንላቸው ሁሉ። ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ስማ። እኔ ሦስት ዓመት ተናገረ፣ ማንም አልሰማም። ሽማግሌ አላየም፣ ቄስ አላየም። ሁሉም ከቤቱ ጋር አብሮ ጎንበስ ይላል፣ እንዴት ያያል? አንተ ዝም ብሎ ቆመ። ዝም ብሎ ስለቆመ ታየ።"

እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝና "አሁን ደግሞ ቁም" አሉኝ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቆምኩ፣ ዞሬ አየሁ። ግርጌዋ አንድ ስንዝር ተቆርጦ ስለነበር ምልክቴ ወርዳ አፍንጫዬ ትክክል ላይ ናት። "ይኸው! በአንድ ቀን ይሄን ያህል አደገ!" አሉ አያ አንጁሎ። እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጠኝ። ሁለታችንም አዲስ ቀሚሴን እስክረሳው ድረስ ሳቅን።

ሲቀላ ባጃጁ ጥሎኝ በሄደ ማግስት ወደ ጨንቻ ወጣሁ። አያ አንጁሎና እማማ ዘነበች አሁን የሉም። የአቶ መርጊያ ቆርቆሮ ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል፤ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ከጎን ተሠርቷል፣ ትንሿን ግን ማንም አላፈረሳትም። በሯ አሁን ለእኔም ዝቅ ይላል። ከበሩ ጎን ጎንበስ ብዬ ቀርከሃውን ዳበስኩ። የሚስማሯን ጭረት ከጉልበቴ በላይ ትንሽ ከፍ ብላ አገኘኋት። ከዚህ ውስጥ የእኔ እድገት ስንቱ፣ የእሷ መውረድ ስንቱ እንደሆነ በፈትል ለክቶ የሚነግረኝ ሰው የለም። አንድ ዲያቆን "እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ጀርባዬን አስጠጋሁ፣ ዝም ብዬ ቆምኩ።